ለሰው የሚከፋው ቀን፣ ለመኪና የሚከፋው ሌሊት

የሳምንቱ የአየር ትንበያ ወጥቷል። ከካናዳ የሚወርደው ብርድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚኒሶታ ይገባል፤ ዓርብ እስኪመሽ አይለቀንም። ሐሙስ ሌሊት ማይነስ 20 ፋራናይት ይደርሳል ይላል። በሴንቲግሬድ ማይነስ 29 መሆኑ ነው። ትንበያው ከወጣ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። አንዷ "ትምህርት ቤት ይዘጋ ይሆን?" ትላለች። ሌላው "መኪናዬ የሚያድረው ደጅ ነው፣ ምን ላድርግ?" ይላል። በቅርቡ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ "ሐሙስ ከቤት አልወጣም፤ ማክሰኞና ረቡዕ ግን ጉዳዬን እጨርሳለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሱ መልእክት ነው። አውቶቡስ ጠብቆ ለሚሄድ እንደሱ ላለ ሰው ከሐሙስ ይልቅ የሚያስፈራው ማክሰኞ ማታና ረቡዕ ጠዋት ነው።

የአየር ጠባይ ባለሙያ አይደለሁም። ሴንት ፖል ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ ብርዱ በሚበረታበት ንጋት ላይ ደግሞ እመለሳለሁ። መኪና ከመግዛቴ በፊት ለዓመታት በአውቶቡስና በባቡር ነው የተመላለስኩት። ስለዚህ ትንበያውን የማነበው ጓንትና ካልሲ ለመምረጥ ብቻ አይደለም። በየትኛው ሰዓት ደጅ መቆም እንደሌለብኝ ለማወቅም ነው።

ቁጥሮቹን ልዘርዝርላችሁና ራሳችሁ እዩት። ማክሰኞ ማታ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ዜሮ ፋራናይት ገደማ ነው። ነገር ግን በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ነፋስ አለ። ሁለቱ ሲደመሩ የተገለጠ ቆዳ የሚሰማው ማይነስ 19 ነው። እንዲህ ባለ አየር ያልተሸፈነ ፊትና ጣት በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። ረቡዕ ንጋት ላይ ማይነስ 10 ከዚያው ነፋስ ጋር ይሆናል፤ ይህ ማይነስ 32 ሆኖ ይሰማል። ሐሙስ ሌሊት ግን ማይነስ 20 ቢሆንም ነፋስ የለም። ልዩነቱን ተመልከቱት። ነፋሻው የማክሰኞ ማታ ዜሮና ጸጥ ያለው የሐሙስ ሌሊት ማይነስ 20 ለፊታችን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ስልኩ ላይ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ግን ማክሰኞን "ደህና ቀን ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እዚህ አካባቢ የሚመጣው ከባድ ብርድ ብዙ ጊዜ አመጣጡ አንድ ዓይነት ነው። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ በረዶ በለበሰ ምድር ላይ፣ ፀሐይ ብዙም በማትታይበት ሰሞን፣ አየሩ ተኝቶ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ሲከማች ከፍተኛ ግፊት ይፈጥርና ወደ ደቡብ መፍሰስ ይጀምራል። ከዚያ እስከዚህ የሚያግደው ተራራ የለም፤ ሜዳ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነፋሻ የሚሆነው የብርዱ ግንባር እየገፋ ስለሚገባ ነው። የከፍተኛው ግፊት መሃል እኛ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ነፋሱ ይቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል። ያን ጊዜ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቴርሞሜትሩም ወደ ታች ይወርዳል። ዝቅተኛው ቁጥር የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ብቅ ስትል ነው።

እንግዲህ እኔ ትንበያ ስከፍት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ነፋሻው ቀን መቼ ነው? ጸጥ ያለው ሌሊት መቼ ነው? ነፋሻው ቀን ለሰው ይከፋል። ጸጥ ያለው ሌሊት ለመኪናና ለቧንቧ ይከፋል። መኪና የነፋሱ ብርድ አይሰማውም። ነፋስ ሞተሩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም። ስለዚህ ለራሴ የምዘጋጀው ለማክሰኞና ለረቡዕ ነው፤ ለመኪናዬና ለቤቴ የምዘጋጀው ለሐሙስ ሌሊት ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርድ አላየሁም አልልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር አይተን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። ግን እዚያ ፀሐይ ከወጣች ነገሩ አለቀ፤ ረፋድ ላይ ሹራቡን አውልቆ ግድግዳ ተደግፎ መሞቅ ነው። እዚህ ፀሐይ የምትነግረን ሌላ ነገር ነው። በጃንዋሪ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ በረዶው ላይ ስታብረቀርቅ ካያችሁ፣ ያ ቀን ብዙውን ጊዜ ከሳምንቱ ሁሉ የከፋው ነው። የደመና ቀን ይሻላል። ደመና ምድር ላይ እንደተጣለ ጋቢ ነው፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። እማዬ የመጣች ሰሞን በመስኮት ፀሐይ ባየች ቁጥር "ዛሬማ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ልናፈስ" ትል ነበር። ልጆች ለማሳደግ ወይም ለጥየቃ ከአገር የመጡ ወላጆች ያሏችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነውና፣ በመስኮት ፀሐይ እያዩ ደጁ ይገድላል ቢሏቸው ለማመን ይከብዳቸዋል።

ስለ ማስጠንቀቂያዎቹም ጥቂት ልበል። መግለጫውን የሚያወጣው ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነው። ለመንትያ ከተሞቹ ለሚኒያፖሊስና ለሴንት ፖል የሚሠራው ቢሮ ቻንሃሰን ይገኛል። ብርድ ሲመጣ የሚያወጣቸው ሦስት ደረጃዎች አሉ። የመጀመሪያው ከባድ ብርድ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ የሚል ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ይወጣል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ማሳሰቢያ ነው። ሦስተኛው ዋናው ማስጠንቀቂያ ነው፤ አደገኛው ብርድ ደርሷል ወይም መድረሱ አይቀርም ማለት ነው። እስከ 2024 ድረስ እነዚህ ሁሉ የሚጠሩት በነፋስ ብርድ ስም ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ስማቸው ተቀይሮ የከፋ ብርድ ማስጠንቀቂያ፣ የቀዝቃዛ አየር ማሳሰቢያ እየተባሉ ይወጣሉ። ለውጡን ወድጄዋለሁ። ነፋስ የሌለበትም ብርድ እንደሚገድል በግልጽ ይናገራል። የሐሙሱን ሌሊት ዓይነት ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ቁጥር በየአካባቢው ይለያያል። ለቴክሳስ ማስጠንቀቂያ የሚያስወጣ ብርድ እዚህ ተራ የጃንዋሪ ቀን ነው። እንዲያውም በሚኒያፖሊስ የጃንዋሪ አማካይ ከፍተኛ 24 ፋራናይት፣ አማካይ ዝቅተኛ ደግሞ 9 ገደማ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር መመዘኛ እንኳ ማስጠንቀቂያ ከወጣ፣ ብርድ የለመዱት ሰዎች ራሳቸው ተጠንቀቁ እያሉን ነው።

የማስጠንቀቂያውን ሰዓት ልብ በሉ። "ከምሽቱ 6 ሰዓት እስከ ነገ እኩለ ቀን" ሲል በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ለወላጆቻችን ስንነግራቸው ግን በእነሱ ሰዓት እንንገራቸው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብለን። በተለይ በጥምቀት ሰሞን። ጥምቀት የሚውልበት ጊዜ እዚህ ከዓመቱ ሁሉ በጣም ቀዝቃዛው ሰሞን ነው። ገሃድን ጾመው የዋሉ እናቶች ሌሊት ተነሥተው በነጠላና በስስ ጫማ ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አያለሁ። ባዶ ሆድ ሰውነት ሙቀት የማመንጨት አቅሙን ይቀንሰዋል። ነጠላው ከላይ ይሁን፤ ከሥር ግን ወፍራም ካልሲ፣ ቦት ጫማና ካፖርት ይኑር። መኪናውን ደጃፉ ድረስ አስጠግቶ የሚያወርዳቸው ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ይህን የወጣቶች ማኅበራት በየአጥቢያቸው ቢያዘጋጁት ደስ ይለኛል።

ስለ ሳምንታትና ስለ ወራት ትንበያ ደጋግመው ይጠይቁኛል። "ዘንድሮ ክረምቱ ከባድ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" ይሉኛል። የረጅም ጊዜ ትንበያ የሚያወጣ ክላይሜት ፕሪዲክሽን ሴንተር የሚባል ማዕከል አለ። ካርታው ላይ ሰማያዊ የተቀባው ቦታ ከወትሮው የቀዘቀዘ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ዕድሉ ጨመረ ማለት ነው እንጂ ብርዱ ባሰ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዕድሉ 40 ከመቶ ነው ሲል 60 ከመቶው ለሌሎቹ ሁለት አማራጮች፣ ማለትም ለወትሮው ዓይነትና ከወትሮው ለሞቀ አየር፣ ይቀራል። ላኒና የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ሲኖር የሰሜኑ ክፍል ወደ ብርድ ያዘነብላል፤ ያም ዝንባሌ እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ካፖርት ለመግዛትና ለማሞቂያ ገንዘብ ለመቆጠብ የወራቱ ካርታ ይበቃል። ማክሰኞ ማታ ደጅ ልቁም ወይስ አልቁም ለሚለው ግን የሁለትና የሦስት ቀኑን ትንበያ፣ ያውም በየሰዓቱ የተዘረዘረውን፣ ነው ማየት ያለብን።

ፖላር ቮርቴክስ የሚባለውንም ሰምታችኋል። ምድር ላይ የሚዞር ማዕበል የሚመስላቸው አሉ። በክረምት ከሰሜን ዋልታ በላይ ከፍ ብሎ የሚሽከረከር የቀዝቃዛ አየር ክብ ነው፤ በየዓመቱ አለ። ጠንካራ ሲሆን ብርዱን እዚያው ሰብስቦ ይይዘዋል። ሲዳከም ይለጠጥና አንዱ ጫፉ ወደ እኛ ይወርዳል። በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ የሆነው ይህ ነው። ጃንዋሪ 30 ጠዋት ሚኒያፖሊስ ማይነስ 28 ደረሰ፤ ከነፋሱ ጋር ከማይነስ 50 በታች ሆኖ ተሰማ። በማግስቱ በሰሜን ሚኒሶታ ኮተን የምትባል ቦታ ማይነስ 56 ተመዘገበ። ፖስታ ቤት እንኳ በሚኒሶታ ደብዳቤ ማደል አቆመ። እኛ ጋ ተተኪ ሠራተኛ መድረስ ስላልቻለ ሁለት ፈረቃ አከታትለን ሠርተናል። አረጋውያኑ አልጋቸው ላይ ሆነው ስለ 1996 ያወሩን ነበር። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 2 በሰሜን ሚኒሶታ ታወር የምትባል ከተማ አካባቢ ማይነስ 60 ደርሶ የግዛቱ ክብረ ወሰን ሆኗል። ገዢው አርኒ ካርልሰን በግዛቱ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘግተው ነበር። በጃንዋሪ 2014ም የያኔው ገዢ ማርክ ዴይተን እንዲሁ አድርገዋል።

በሌላ በኩል ከ2023 ወደ 2024 የተሻገረው ክረምት በሚኒሶታ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ነበር። በዚያ ዓመት የመጡ ብዙ ወገኖቻችን "የተወራለት ብርድ ይሄ ነው እንዴ?" ብለው ነበር። እነሱ ናቸው ይበልጥ የሚያሳስቡኝ። ያ ክረምት የሚኒሶታን ትክክለኛ መልክ አላሳያቸውም።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በብርድ ጊዜ ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ለቡናም ሆነ ለዕጣን፣ መስኮት ከፍቶም ቢሆን አይሆንም። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ጣሪያና ግድግዳው ያስተነፍሳል። እዚህ ቤቱ የተሠራው አየር እንዳያሳልፍ ነው። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ሰው "ድካም ነው" ብሎ ጋደም ይላል፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚያው እንቅልፍ ነው። በዲሴምበር 2006 ዋሽንግተን ግዛት በማዕበል መብራት ሲጠፋ፣ ለመሞቅ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ ብዙ ሰዎች ተመርዘዋል። አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ሆነ፤ መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነሥተው የሞቁ ነበሩ። ከሞቱት መካከል የአገራችን ልጆች ይገኙበታል። ያን ዜና ያነበብኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ለልጆቻቸው ሙቀት ሲፈልጉ ነው የሞቱት። ማንም ቀድሞ ስላልነገራቸው ይሆናል ብዬ ሁሌም አስባለሁ።

በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኖር አለበት። ዛሬ ማታ ቁልፉን ተጫኑትና ይጩህ እንደሆነ አረጋግጡ። ካልጮኸ ባትሪ ቀይሩ፤ ካልሠራ ለአከራያችሁ ንገሩ። አላርሙ ከጮኸ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ 911 ደውሉ። ብርድ ነው ብላችሁ ውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም እንደ ከሰሉ ሁሉ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትጠቀሙ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ 3 ጫማ አርቁት። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት እንጂ በማራዘሚያ ገመድ አትጠቀሙ።

ሂተራችሁ የማይሠራ ወይም ለብ ብቻ የሚል ከሆነ "አከራዩ ይቆጣል" ብላችሁ አትቀመጡ። ሂተሩን የሚቆጣጠረው አከራዩ ከሆነ፣ የሚኒሶታ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት እንዲያሞቅ ያስገድደዋል። በጽሑፍ ንገሩት፤ የጽሑፍ መልእክትም ይበቃል፣ ቀኑን ስለሚይዝላችሁ። መልስ ካጣችሁ ፍርድ ቤት አስቸኳይ አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድ አለ። አንዲት ጓደኛዬ ልጅ ታቅፋ በ50ዎቹ ፋራናይት ቤት ውስጥ የሰነበተችው ይህን የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ነው። ለመብራትና ለጋዝ ክፍያ የቸገራችሁም እንዲሁ። በእነዚያው ወራት የሚሠራ የብርድ ጊዜ ደንብ አለ። ከድርጅቱ ጋር የክፍያ ስምምነት አድርጋችሁ ስምምነቱን ካከበራችሁ፣ የቤት ማሞቂያችሁን አይቆርጥባችሁም። ግን ራሳችሁ ደውላችሁ መስማማት አለባችሁ፤ ዝም ላለ ሰው አይሠራም። 211 ብትደውሉ የማሞቂያ ክፍያ እርዳታም ሆነ ሞቆ የሚታደርበት ቦታ የት እንዳለ ይነግሯችኋል። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ሐሙስ ሌሊት ለቧንቧ የማደርገው ቀላል ነገር ነው። በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን የወጥ ቤት ቧንቧ በቀጭኑ እንዲንጠባጠብ እተወዋለሁ። ከሥሩ ያለውን የቁምሳጥን በር እከፍታለሁ፣ የቤቱ ሙቀት ቧንቧው ጋ እንዲደርስ። ለቁጠባ ብዬ ሌሊት ሂተሩን አልቀንስም።

መኪና ደጅ የሚያድርባችሁ ደግሞ ረቡዕ ቀን፣ ሱቅ ክፍት ሳለ፣ ባትሪያችሁን አስመርምሩ። በዜሮ ፋራናይት ባትሪ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ያጣል፤ ሞተሩ ግን ዘይቱ ስለሚወፍር ለመነሣት ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ያረጀ ባትሪ በበልግ ደህና ይሠራና በማይነስ 20 ቀጥ ይላል። ነዳጅ ከግማሽ በታች አታድርጉ። የጎማ ነፋስም በየ10 ፋራናይቱ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፤ ሰሞኑን ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ መብራት ቢበራ አትደንግጡ፣ ነፋስ ሙሉ። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ አካፋ፣ የባትሪ ኬብልና ተጨማሪ ጓንት ይኑር። መንገድ ላይ ከቆማችሁ መኪናውን ጥላችሁ በእግር አትሂዱ። ሞተሩን በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሡ፤ ከዚያ በፊት ጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ውረዱና እዩ። ጨው የተነሰነሰበትን መንገድም አትመኑ። ተራው ጨው ከ15 ፋራናይት በታች ብዙም አያቀልጥም። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆሙ መኪናዎች ጭስ እርጥበት እዚያው አስፋልቱ ላይ ይረጋና የማይታይ መስታወት ይሆናል። ከርቀት ፍጥነት ቀንሱ።

ልጆች መኪና ወንበራቸው ላይ ሲታሰሩ ወፍራሙን ጃኬት አውልቁላቸው። ጃኬቱ ቀበቶውን ያላላዋል። ካሰራችሁ በኋላ ከላይ አልብሷቸው።

አውቶቡስ ለምትጠብቁ። ወደ ጣቢያው የምትወጡበትን ደቂቃ በስልክ እያያችሁ ቁረጡ እንጂ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አትቁሙ። ጣት ለጣት ከተለያየ ጓንት ጣቶቹ አንድ ላይ የሚገቡበት ይሻላል፤ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ቆዳ የሚነካው ልብስ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፣ ላብ ይይዛል። ጆሮና አፍንጫ ተሸፍነው ይውጡ። ማክሰኞና ረቡዕ ጀርባችሁን ለሰሜን ምዕራብ ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ያ የጻፈልኝ ልጅ የሚጠብቅበት ጣቢያ መከለያ የለውም። "ጉዳይህን ሰኞ ጨርስ፤ ረቡዕ ጠዋት የግድ ከሆነ እኔ ከሥራ ስመለስ አደርስሃለሁ" ብዬዋለሁ።

በሥራዬ ያየሁትን ደግሞ ልጨምር። ውርጭ የመታው ቆዳ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል። ሕመሙ ሲጠፋ ነው መደንገጥ ያለብን። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። ግራጫ ወይም አመድ መምሰሉን፣ መጠንከሩንና መደንዘዙን እዩ። አታሹት፣ በረዶም አታስነኩት፣ እሳትም አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ቆዳ ቃጠሎ አይሰማውም። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ንከሩትና ሐኪም ጋ ሂዱ። የሰውነት ሙቀት ከ95 ፋራናይት ሲወርድ ደግሞ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል። ብሶበት መንቀጥቀጡ ቢያቆም ተሻለው ማለት አይደለም። 911 ለመደወል ግን እስከዚያ አትጠብቁ። አልኮል የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣው ነው፤ የውስጡን ሙቀት ግን ያወጣዋል። አረጋውያን ብርዱ ቶሎ አይሰማቸውም። "በርዶዎታል?" ብዬ ስጠይቅ "ደህና ነኝ ልጄ" የሚሉኝ ሰዎች እጃቸው በረዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ በቃል ብቻ አትጠይቁ፣ እጃቸውን ንኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከደቡብ ይመጣል ተብሏል። ያን ጊዜ ደመናና በረዶ አብሮ ሊመጣ ቢችልም፣ የቅዳሜውን የልደት ድግስ እናዘግየው ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ማዘግየት የለባችሁም፤ ለመንገዱ ግን ሰዓት ጨምራችሁ ውጡ። ማክሰኞ ጠዋት መግለጫው ሲታደስ ሰዓቶቹ ስለሚቀያየሩ አዲሶቹን እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያ ሂተሩ ያልሠራለት፣ አላርም የሌለው ወይም ረቡዕ ጠዋት የሚያደርሰው ያጣ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ምስራቅ ሴንት ፖልና ሚድዌይ አካባቢ ላላችሁ መኪና ያላቸው ሁለት ጓደኞቼ ለማድረስ ተስማምተዋል። ሌላ አካባቢ ሆናችሁ መኪና ያላችሁም ስማችሁንና የምትችሉበትን ሰዓት ላኩልኝ፤ ሰኞ ማታ ዝርዝሩን እጨርሳለሁ።